የባለ ዳዊቱ ዶሮ ቤት

ልጅ ሳለሁ «በሰፈራችሁ ቅዱስ ሰው ማነው?» ብላችሁ ብትጠይቁኝ ጣቴን የምቀስረው ወደ ባለ ዳዊቱ ነበር። «ክፉስ?» ብትሉኝ ደግሞ ሩቅ አልሄድም፤ እናቴን ነበር የማሳያችሁ። ይህን ስጽፍ ደሜ ይፈላል። የተናደድኩት በዚያች ሕፃን አይደለም፤ ሕፃን ያሳዩትን ያምናል። የተናደድኩት እንዲያ አድርጋ እንድታይ ባደረጓት ትልልቅ ሰዎች ነው። ከነሱ ዋናውን ትናንት ቀበርነው።

ባለ ዳዊቱ የፍራሽ ቤት ባለቤት ነበር፤ የአባዬም አብሮ አደግ። ቅጽል ስሙን ያተረፈው መዝሙረ ዳዊት ከአፉ ስለማይለይ ነው። ሰው ሲያስነጥሰው ጥቅስ፣ ሰማዩ ሲጠቁር ጥቅስ፣ ሠራተኛ ደክሞት አረፍ ሲል ጥቅስ። ድምፁ ወፍራምና ለስላሳ ነበር፤ እንደ አዲስ ፍራሽ ሰውን ውጦ የሚያስቀር። እኔን «ሚጢዬ» ይለኝና ከኪሱ ከረሜላ ያወጣል። ከረሜላው ላይ ሁልጊዜ የጥጥ ብናኝ ይለጠፍበታል። ብናኙን በምላሴ እየለየሁ እተፋለሁ፤ ከረሜላውን እየመጠጥኩ ሰውየውን እወደዋለሁ።

አባዬ የሚሠራው በጥጥ መባዘቻው ማሽን ላይ ነበር። ሰው ለዓመታት የተኛበት ጥጥ ተጋግሮ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። ያንን እየቦጨቁ በማሽኑ አፍ ሲሰጡት፣ ውስጥ የሚሽከረከረው ባለ ጥርስ በርሜል ያፍታታዋል፤ በሌላው በኩል አረፋ መስሎ ይወጣል። አባዬ ከሥራ ሲመለስ ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ ነው። «ሽማግሌ መጣ!» እያልኩ እሮጣለሁ፤ እሱም የእውነት ሽማግሌ መስሎ እየተንቀጠቀጠ ይገባል። ከዚያ በሁለት እጁ ወደ ላይ ወርውሮ ይቀልበኛል።

አንድ ቀን በርሜሉ ቀኝ እጁን ያዘው። ከአውራ ጣቱ በቀር የተረፈ ጣት የለም።

ስለዚያ ቀን የማስታውሰው ጎረቤት ቤት ወስደውኝ ዳቦ በሻይ እንደሰጡኝና ደስ እንዳለኝ ብቻ ነው። አባዬ ከሆስፒታል ሲመለስ እጁ ላይ ትልቅ ነጭ ነገር ተጠቅልሏል። ከፍራሽ ቤቱ ጥጥ ይዞልኝ የመጣ መሰለኝና «አሳየኝ» ብዬ ጎተትኩት። የጮኸውን ጩኸት እስካሁን እሰማዋለሁ።

ባለ ዳዊቱ ያን ሰሞን ከቤታችን አልጠፋም። አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጥና የአባዬን ግራ እጅ ይዞ፣ በዚያ ድምፁ «ወንድማማች ተስማምቶ ሲኖር እንዴት ያምራል ይላል ዳዊት። እኔና አንተን ምንም ነገር አይለያየን፣ ወንድሜ» ይለዋል። አባዬ ያለቅሳል። ባለ ዳዊቱ በመሐረቡ የአባዬን እንባ ይጠርግለታል። እኔ በሩ ሥር ተቀምጬ፣ ሳድግ እንዲህ ዓይነት ጓደኛ ይኖረኝ ዘንድ እጸልያለሁ። ምስኪን! ሰውየው ሥራ ላይ ነበር። የሥራ ቦታ ተቆጣጣሪ ሊመጣ መሆኑን ቀድሞ ሰምቷል።

ተቆጣጣሪው ክራቫት ያሰረ፣ ወንበራችን ላይ ከመቀመጡ በፊት አቧራ መኖሩን በጣቱ የሞከረ ሰው ነበር። አባዬን «ማሽኑ ጥርሱን የሚሸፍን ክዳን ነበረው?» ብሎ ጠየቀው። አባዬ ባለ ዳዊቱን አየ፤ ባለ ዳዊቱ ጣሪያውን አየ።

«አልነበረውም» አለ አባዬ። «ሲገዛም አልነበረውም። የተዘናጋሁት እኔ ነኝ።»

እናቴ ከጓዳ በር ላይ «ነበረው!» አለች። «ቢጫ ክዳን ነበረው። ሚጢን ሳልወልድ እዚያ ቤት የፍራሽ ልብስ እሰፋ ነበር፤ በዓይኔ በብረቱ አይቸዋለሁ።»

«ተሳስታ ነው» አለ አባዬ፣ ቀና ሳይል።

«እህቴ፣ ድንጋጤ ያልነበረ ነገር ያሳያል» አላት ባለ ዳዊቱ በሐዘኔታ። ተቆጣጣሪው ሦስቱንም ተራ በተራ አያቸውና እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ። ሁለት ወንዶች አልነበረም ካሉ አንዲት ሴት ነበረ ብትል ምን ዋጋ አለው!

እኔም ሒሳቡን እንደሱ ነው የሠራሁት። አንዱ አባቴ ነው፣ አንዱ ቅዱስ ነው፤ ስለዚህ የዋሸችው እናቴ ናት። በእንግዳ ፊት አዋረደችን ብዬ አኮረፍኳት። እሷ ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ ድስት በሰላም አስቀምጣ አታውቅም። ክዳን ስትከድን ያስተጋባል፣ በር ስትዘጋ ግድግዳው ይርዳል። አባዬ «ተይ፣ ዝም አይነቅዝም» አላት አንድ ቀን።

«ዝም ባይነቅዝም ቤት ይነቅዛል» አለችው።

ከዚያ ባለ ዳዊቱ የምሥራች ይዞ መጣ። የአባዬን ቦታ ለታላቅ እህቴ ሊሰጣት ነው። ታላቄ ገና አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ ረጃጅም ቀጫጭን ጣቶች ነበሯት፣ ጸጉሬን ስትሠራኝ ሳላውቀው የምትጨርስ። እኔ በደስታ ዘለልኩ። እሷም ነጭ ሆና ልትመጣ ነው፤ ቤታችን ሽማግሌ ሊኖር ነው እንደገና። እናቴ ግን ከጓዳ እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ ወጣች።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለችው። «ማሽንዎ የባሌን እጅ በልቷል። የልጄን አልቀልበውም።»

«አንቺ ሴት!» አለ አባዬ። «ሰው ውለታ ሲውልልሽ…»

«ጌታ ይጠብቃታል» አለ ባለ ዳዊቱ፣ እየተነሳ። «ሰኞ ጠዋት ትምጣ።»

ታላቄን ማንም አልጠየቃትም። ጥግ ላይ ቁጭ ብላ ጥፍሯን ትበላ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንደ ልማዱ ባለ ዳዊቱ ቤት መዝሙር ለማንበብ ተሰበሰቡ። ሳሎኑ ዙሪያውን የራሱ ፍራሾች ተነጥፈውበት፣ ሰው በተርታ ይቀመጥና አንድ አንድ መዝሙር ተራ በተራ ይነበባል። እናቴ ቀረች። እኔ ለአባዬ ገጽ ገላጭ ሆኜ ሄድኩ፤ በግራ እጁ መጽሐፉን ሲይዝ መግለጫ እጅ የለውማ። ይህ ሥራ እጅግ አኩርቶኝ ነበር።

የአባዬ ተራ ሲደርስ የወጣለት ዓይኖቼን ወደ ተራሮች የሚለው ነው። ደህና ጀመረ። እግዚአብሔር በቀኝ እጅህ በኩል ይጋርድሃል የሚለው ጋ ሲደርስ ድምፁ ጠፋ። እኔ ገጽ የሚገለጥ መስሎኝ ገለጥኩ፤ መልሼ ገለጥኩ። አባዬ የተጠቀለለውን እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያየዋል። ያን ጊዜ ነው ጥያቄው የመጣልኝ፤ ብልህ ጥያቄ ስለመሰለኝም ጮክ አድርጌ ጠየቅኩ።

«በቀኝ በኩል ይጋርዳል ካለ፣ የአባዬን ቀኝ እጅ ለምን አልጋረደውም?»

ሁሉም ወደ ባለ ዳዊቱ ዞረ። እሱ ፈገግ አለና ራሴን ዳበሰኝ።

«እሱን አባትሽ ያውቀዋል፣ ሚጢዬ» አለ።

አባዬ አንገቱን ደፋ። አንዲት አሮጊት ከንፈሯን መጠጠች፤ ሌላው «አቤቱ ማረን» አለ። እኔም ገባኝ። አባዬ ኃጢአት ሠርቷል፤ እግዚአብሔር ጥላውን ያነሳበት ለዚያ ነው። ምን ኃጢአት ይሆን ብዬ አሰብኩ። አንድ ጊዜ እናቴ የደበቀችውን ስኳር ሲቅም አይቸዋለሁ። ለስኳር አራት ጣት ትንሽ የበዛ መሰለኝ፤ ግን የእግዚአብሔርን ሒሳብ ማን ያውቃል! ይኸው ዛሬ ትልቅ ሴት ሆኜ፣ የልጅ ራስ በሚዳብስ በዚያ መዳፍ ላይ ያለኝ ንዴት አልበረደልኝም። አንድ ሰው ራሱ በበላው እጅ ባለቤቱ እንዲያፍር ማድረግ! በልጁ ፊት!

ከትልልቆቹ መሐል ማፈሬን ለመሸሽ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ባለ ዳዊቱ ጓሮ ዶሮ ቤት አለው። ያን ዶሮ ቤት የምወደው ለዶሮዎቹ ሳይሆን ለበሩ ነው። በሩ ቢጫ ብረት ነው፤ መሐሉ ላይ በጥቁር ቀለም የተዘረጋ እጅ ተስሎበታል፣ በላዩ ላይ ቀይ መስመር ተሰምሮበታል። ዶሮዎቹን ሰላም የሚል እጅ ይመስለኝ ነበር። በሄድኩ ቁጥር መዳፌን መዳፉ ላይ ለጥፌ ስንት እንደቀረኝ እለካለሁ። ያን ቀንም ለካሁ። ገና ብዙ ይቀረኝ ነበር።

አዎ፣ እናንተ ገብቷችኋል። እኔ ግን ማንበብ ገና እየተማርኩ ነበር፤ ቀይ መስመር ክልክል ማለት መሆኑን ማን ነገረኝ? እናቴ ቢጫ ክዳን እያለች ስትጮህም ስለ ማሽን እንጂ ስለ ዶሮ የምትናገር መስሎ አልተሰማኝም።

ሰኞ ጠዋት ታላቄ ሻሿን አስራ፣ የአባዬን የሥራ ካፖርት ለብሳ ወጣች። እጅጌው ይረዝማት ነበር። አባዬ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እናቴ ግቢ ውስጥ ልብስ ታጥባለች፤ ታጥባለች ማለት ይቅርና ልብሱን ትቀጠቅጠዋለች። እንባዋ ሳሙናው ውስጥ ይንጠባጠባል። ባኮርፋትም አሳዘነችኝ፤ ላጫውታት ፈለግኩ።

«እማዬ» አልኳት፣ እጄን አረፋው ላይ ዘርግቼ፣ «የባለ ዳዊቱ ዶሮ ቤት እጅ ከኔ እጅ ይበልጣል።»

«የምን እጅ?»

«በሩ ላይ የተሳለው። ቢጫው ላይ። ቀይ መስመር ያለበት።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። እናቴ ልብሱን ለቀቀችው። ከዚያ እርጥብ እጇን እንኳ ሳትጠርግ ክንዴን ያዘችኝና «ምሪኝ» አለች።

ባለ ዳዊቱ ግቢ ደረስን። ሰው አልነበረም። እናቴ በሩን አየችው። አልጮኸችም። አጠገቡ ቁጢጥ ብላ መዳፏን እንደኔው የተሳለው መዳፍ ላይ አደረገች፤ ልክክ አለላት። ከዚያ ማጠፊያውን ያሰረውን ሽቦ በጥርሷና በጣቷ ታግላ ፈታችው፤ ብረቱን ገነጠለችው። ዶሮዎቹ በእግሬ መሐል እየተራወጡ ወጡ። ጉድ ፈላ! እኔ እያለቀስኩ አንዷን ይዤ ልመልስ እታገላለሁ። «እማዬ፣ የሰው በር ሰረቅሽ!»

«የሰረቅኩት እኔ አይደለሁም» አለችና ብረቱን በራሷ ተሸክማ መንገድ ወጣች። የዶሮ ኩስ ትከሻዋ ላይ ይረግፋል። ሰው ከየበሩ ብቅ እያለ ያያል። እኔ ከኋላዋ በዕፍረት እሮጣለሁ፤ እናቴ አበደች፣ ይህንንም አባዬ ሲሰማ ይሞታል እያልኩ።

ፍራሽ ቤቱ ውስጥ በጥጥ ብናኝ ሰውና ግድግዳ አይለይም። ማሽኑ ይጮኻል። ታላቄ አፏን በሻሽ ሸፍና ከማሽኑ አፍ ፊት ቆማለች፤ የካፖርቱን እጅጌ በግራ በቀኝ እየሰበሰበች ጥጥ ትሰጣለች። እጅጌው ይወርድባታል፤ ትሰበስበዋለች፤ እንደገና ይወርዳል። እናቴ ብረቱን ወለሉ ላይ ጣለችው። ማሽኑ ስለሚጮህ ማንም አልሰማም። ታላቄ ብቻ አየችን፤ እጇን ሰዳ ማሽኑን አጠፋችው። ያን ያህል ጸጥታ እዚያ ቤት ሰምቼ አላውቅም።

ባለ ዳዊቱ ከቢሮው ወጣ። ብረቱን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ፤ ግን ወዲያው ድምፁን አገኘው።

«እህቴ፣ ተረጋጊ። ዳዊት ተቆጡ፣ ነገር ግን አትበድሉ ይላል።»

«አዎ፣ ተቆጡ ይላል» አለች እናቴ። «እሱን እኔ እየፈጸምኩት ነው። አትበድሉ የሚለውን አንተ ፈጽም!»

አንተ አለችው። ከብረቱም ከዶሮዎቹም ይልቅ ያስደነገጠኝ ይህ ነው። ጋሼን! ባለ ዳዊቱን! ሰማይ የሚደፋብን መስሎኝ ጆሮዬን ያዝኩ።

«ሴትዮ፣ ይህ የማሽኑ ክዳን ለመሆኑ ምን ማስረጃ አለሽ?» አለ፣ አሁን ድምፁ ውስጥ ፍራሽ የለም። «ባልሽን ጠይቂው። ሲገዛም አልነበረውም ብሎ በአንደበቱ መስክሯል።»

«ሚጢ፣ ሂጂ አባትሽን ጥሪው» አለችኝ እናቴ፣ ዓይኗን ከሱ ላይ ሳትነቅል።

በረርኩ። አባዬ መጥቶ ቅዱሱን ሰው ከእናቴ እንዲያድነው ነበር የምሮጠው። ሰማኝ፤ ጫማውን አሰርኩለት፤ መጣን። ሠራተኞቹ ሁሉ ሥራቸውን ጥለው ከበዋል። አባዬ ብረቱን አየ። ከዚያ ታላቄን አየ፤ የራሱን ካፖርት ለብሳ፣ የራሱ ቦታ ላይ ቆማ፣ ረጃጅም ጣቶቿ በጥጥ ነጥተው።

«ወንድሜ፣ ንገራቸው» አለ ባለ ዳዊቱ።

«ክዳኑን የፈታሁት እኔ ነኝ» አለ አባዬ።

ባለ ዳዊቱ ትንፋሹን ለቀቀ። አባዬ ግን አልጨረሰም።

«ፍታው አልከኝ። ሥራ ያዘገያል አልከኝ። እፈራለሁ ስልህ ሳቅክብኝ። እግዚአብሔር በቀኝህ እየጋረደህ ለምን ብረት ታመልካለህ አልከኝ።» የተጠቀለለውን እጁን ከፍ አደረገው። «እምነት የጎደለኝ መስሎኝ አፈርኩ። ፈታሁት።»

እናቴ ወደ ባለ ዳዊቱ አንድ እርምጃ ቀረበች፤ የተናገረችው ግን በቀስታ ነው።

«ሰማህ? እግዚአብሔርማ ጋርዶት ነበር። ይኸው፣ በቢጫ ብረት ጋርዶት ነበር። አንተ ለዶሮህ ሰጠኸው።»

ከዚያ የታላቄን እጅ ይዛ ወጣች። ባለ ዳዊቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ጥቅስ ጠፋው። አሁን ሳስበው አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል። ያን ቀን ግን አልቅሻለሁ። አባዬ በገዛ አፉ «እኔ ነኝ» ብሏላ! ባለ ዳዊቱ «አባትሽ ያውቀዋል» ያለው እውነት ሆነ ማለት ነው። አንድ ሰው አምላክን ጠርቶ ወዳጁን አሳፍሮ እጁን ማስቆረጥ እንደሚችል፣ ከዚያም ጥፋቱን መልሶ ለተቆረጠው ማሸከም እንደሚችል ለማወቅ ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል።

ፍርድ ተገኘ ብላችሁ እንዳትደሰቱ። አባዬ ተቆጣጣሪው ዘንድ ሄዶ እውነቱን ተናገረ። ተቆጣጣሪው ተመልሶ መጣ፤ በዚያን ጊዜ ክዳኑ ታጥቦ፣ በአዲስ ቡሎን ታስሮ ቦታው ገብቷል። «ክዳን አለው፤ ሁሉ ደህና ነው» ብሎ ሄደ። የቅዳሜ አንባቢዎቹ እኛን መጥራት ተዉ፤ ሰውን በጸሎቱ ያዋረደች ሴት ተባለች እናቴ። ታላቄ የልብስ ስፌት ተማረች፤ እሷና እናቴ በመርፌ አሳደጉኝ። ባለ ዳዊቱ እያነበበ አረጀ፣ እያነበበ ታመመ፣ ተከብሮ ሞተ።

ትናንት ለቀብር ስንወጣ እናቴ ምድጃዋ ዘንድ ቀረች። «ተቆጡ የሚለውን ይህን ሁሉ ዓመት ጠብቄያለሁ» አለችኝ። «ዛሬ ከመጣሁ አትበድሉ የሚለውን አፈርሳለሁ።» አባዬ ግን መጣ። ቀኝ እጁን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከቶ፣ ከሰው ኋላ ቆመ። ሰባኪው ሟቹ መዝሙሩን በቃሉ ሳይሆን በኑሮው እንደሚያውቅ ተናገረ፤ ሰው አለቀሰ። ከዚያ የሚወደውን መዝሙር እናንብብለት ብሎ ገለጠ። ዓይኖቼን ወደ ተራሮች።

የምትመጣውን መስመር አውቃታለሁ። ታላቄ አጠገቤ ነበረች፤ የቀኝ እጇን ያዝኩት። ሸብቷል ጸጉሯ፤ ጣቶቿ ግን አሁንም ረጃጅም ናቸው፣ አምስቱም አሉ፣ ጫፎቻቸው በመርፌ ተበሳስተው። ሰባኪው «በቀኝ እጅህ በኩል ይጋርድሃል» ብሎ ሲያነብ እጄ በራሱ ጊዜ እየጠበቀ ሄደ።

«ልቀቂኝ፣ ሰበርሽኝ እኮ!» አለችኝ በሹክሹክታ።

አልለቀቅኳትም።